የሐይቁ ዳር በር፦ ቀለም ይቀባ ወይስ እንጨቱ ይታይ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ በሽምብጥ አካባቢ ባሠራሁት ቤት መግቢያ ላይ የዋንዛ በር አስገጥሜያለሁ፤ በሩ ግን እስካሁን ምንም አልተቀባም። አናጺው የዋንዛን መልክ በቀለም መሸፈን ነውር ነውና ቫርኒሽ ብቻ ይቀባ ይለኛል። ቀለም ቀቢው ደግሞ የዘይት ቀለም ካልተቀባ ሁለት ክረምት አይሻገርም ይላል። በሩ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሲሆን በረንዳ የለውም። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ በሮች ከነሥዕላቸው ዘመን ተሻግረው አይቻቸዋለሁ፤ ቫርኒሽ የተቀባው የጎረቤቴ በር ግን በዓመቱ ተላጧል። የቱን ልምረጥ? ሥራውስ እንዴት ቢሠራ ይበረክታል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱም ባለሙያዎች የነገሩዎት ከልምዳቸው በመነሣት ነውና አንዳቸውንም ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ አናጺው ያሰበው በጥላ ሥር ስለሚቆም በር ሲሆን፣ ቀለም ቀቢው ያሰበው ፀሐይና ዝናብ ፊት ለፊት ስለሚያገኘው ስለ እርስዎ በር ነው። ስለዚህ የሚቀባውን ከመምረጥ በፊት በሩ ወዴት እንደሚመለከትና በላዩ ምን እንዳለ መታየት አለበት።

ቫርኒሽ እንጨቱን እንደ መስታወት ስለሚሸፍነው ውሃን ቢከለክልም ብርሃንን ያሳልፋል። የፀሐይ ጨረር በዚህ ሽፋን ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያፈርሳል፤ በዚህም ምክንያት ቫርኒሹ ራሱ ገና ጤነኛ ሳለ ከሥሩ ያለው የእንጨት ገጽ እየላመ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ በቀጭኗ ስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን እያነሣ ይልጠዋል። የጎረቤትዎ በር የተላጠው በዚህ መንገድ እንደሚሆን እገምታለሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ የበረታ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚመለከት በር ደግሞ የከሰዓቱን ግለት ሁሉ ይቀበላል። በዓመት ከሚወርደው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ስለሚጥል፣ በሩ በጋውን ሲኮማተር ይከርምና ክረምቱን ሲያብጥ ይቆያል። ደረቅና ግትር ሽፋን ይህን መላወስ ሊከተል አይችልም።

የዑራ ኪዳነ ምሕረትን በሮች ማንሣትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ መልሱ በከፊል እዚያው አለና። እነዚያ መላእክት የተሣሉባቸው ትልልቅ መዝጊያዎች የሚገኙት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ መቅደሱን ደግሞ የውጩ ዙሪያና ሰፊው ክብ ጣራ ከልለውታል። ዝናብ አይመታቸውም፣ ቀጥተኛ ፀሐይም እምብዛም አያገኛቸውም። ሥዕሎቹን ያቆያቸው የሠዓሊዎቹ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ያ ጣራ ጭምር ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። አቅምዎ ከፈቀደ አስቀድመው ከበሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚወጣ ትንሽ የበረንዳ ጣራ ያሠሩ፤ ከዚያ የዋንዛውን መልክ በሚያሳይ፣ ስቴይን በሚባል ቀጭን ማቅለሚያና ለውጭ በተዘጋጀ ቫርኒሽ ያስጨርሱት። ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት ስላልሆነ ያ ቀላ ያለ ቡናማ መልኩ ቢታይ እኔም እመርጣለሁ። ጣራው አሁን የማይሠራ ከሆነ ግን ያለማመንታት ቀለም ያስቀቡት፤ በቀለም ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ብርሃኑን ስለማያሳልፍ እንጨቱ ከሥር ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። ወደፊት ጣራው ሲሠራ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ሊገለጥ ይችላል፤ በፀሐይ የተበላ እንጨት ግን በመላጊያ ካልተቀነሰ በቀር አይመለስም። ያለ ጥላ፣ ያለ ማቅለሚያ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብቻ መቀባትን ግን በምንም መንገድ አልመክርም።

አሁን ከቀለምና ከቫርኒሽ ክርክር ይልቅ የበሩን ዕድሜ ወደሚወስነው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም የበሩ ጠርዝ ነው። እንጨት ውሃ የሚስበው በፊቱ ሳይሆን በዋነኛነት በአግድም በተቆረጠበት ጫፉ በኩል ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ይመላለስባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚከፈቱት እዚያ ነውና። የበሩ የቋሚ ሳንቃዎች ጫፍ የሚገኘው ከላይና ከታች ሲሆን፣ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ደግሞ ዓይን የማያያቸውና ብሩሽ የማይደርስባቸው ናቸው። በሩ ተገጥሞ እንደቆመ ሲቀባ የታችኛው ጠርዝ ባዶውን ይቀራል፤ ከደረጃው ላይ የሚፈናጠረው የዝናብ ውሃ በዚያ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፤ ከዓመት በኋላም ቀለሙ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ሲነሣ ሰው የቀለሙን ጥራት ይወቅሳል። እኔም በአናጺነት ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ቤተሰብ ያማረ በር ሠርቼ፣ ወለሉን ስለነካ ሲገጠም ከታች ጥቂት ላግኩለትና ያን አዲስ ቁርጥ ሳልቀባው ሄድሁ። በቀጣዩ ክረምት በሩ አብጦ አልዘጋ ብሏቸው ጠሩኝ፤ መዝጊያውን አውልቄ ስገለብጠው የታችኛው ጫፍ ጠቁሮ እንደ ስፖንጅ ረጥቦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ማጠፊያው ሳይፈታ በር ቀብቼ አላውቅም።

እርስዎም በሩን ከማጠፊያው ያስወልቁና በሁለት ማስቀመጫዎች ላይ ያስተኙት። ስድስቱም ገጾች፣ ማለትም ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ላዩና ታቹ፣ እንዲሁም ለቁልፍና ለማጠፊያ የተቦረቦሩት ቦታዎች ሁሉ መቀባት አለባቸው። ላይና ታች ከፊቱ አንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ዙር ቅብ፣ ይጨመርላቸው። በውስጥ በኩል ያለው ገጽ ከውጩ ባነሰ እጅ ከተቀባ እንጨቱ በሁለቱ ወገን እኩል ስለማይጠጣና ስለማይደርቅ ይጣመማል። በሩ በክፈፍ ውስጥ የሚገቡ ሳንቃዎች ያሉት ከሆነ፣ ሳንቃዎቹ እንዲላወሱ ተብለው ስለተሠሩ በክፈፉና በሳንቃው መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት በስቱኮ አይድፈኑት።

ከመቀባቱ በፊት እንጨቱ መድረቁን ማረጋገጥ ግድ ነው። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎትም፣ ከበሩ የተረፈ ወፍራም ቁራጭ በዚያው ቤት ውስጥ አስቀምጠው በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል የደረቀ እንጨት ያለ ሽፋን በፀሐይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቆየ ገጹ ይደክምና ቀለም በደንብ አይዝም። የእርስዎ በር ተገጥሞ ስለከረመ፣ ግራጫ የሆነው ሁሉ ተወግዶ ትኩሱ እንጨት እስኪታይ ድረስ ይታሽ።

ለማሸት በቁጥር 100 ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ150 ቢጨረስ በቂ ነው፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይሁን፤ አግድም የተጫረ ሁሉ ማቅለሚያ ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። ከዚህ የላመ ወረቀት እንጨቱን ስለሚያለሰልሰው ማቅለሚያውን በሚገባ አይጠጣም። የድስት ማጠቢያ ሽቦ ግን አይጠቀሙ፤ ብጣሹ በእንጨቱ ውስጥ ከቀረና እርጥበት ካገኘው፣ በተለይ ባሕር ዛፍን በመሳሰሉ ታኒን በበዛባቸው እንጨቶች ላይ፣ ጥቁር ነጥብ ይተዋል።

ማቅለሚያ ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ስቴይን የሚባለው ቀጭን ማቅለሚያ መልክ ብቻ እንጂ ጥበቃ አይሰጥም፤ በላዩ ቫርኒሽ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ በተረፈው ቁራጭ ላይ ይሞከር፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው ሥዕልና በዋንዛ ላይ የሚወጣው መልክ አንድ አይሆኑምና። ከዚያ በጨርቅ ወይም በብሩሽ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ ያልተጠጣው ትርፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሳይጠረግ የቀረው ትርፍ አይደርቅምና ቫርኒሹን ያስለቅቃል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ የውጭ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ይቀባ፤ የመጀመሪያው እጅ በቆርቆሮው ላይ በተገለጸው ማቅጠኛ ጥቂት ቀጥኖ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ይደረግ፤ በየእጁ መካከልም በቁጥር 220 ወረቀት ቀለል ብሎ ይታሽና አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ።

በቀለም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለእንጨት የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ)፣ ቀጥሎ የሚስማር ቀዳዳዎችን መድፈኛ፣ ከዚያ የዘይት ቀለም ሁለት እጅ ይቀባል። ለግድግዳ የሚሆነው ስቱኮ በውጭ በር ላይ ዝናብ ሲያገኘው ስለሚሟሟ ለእንጨት የተዘጋጀውን ይግዙ። ለምዕራብ ፊት ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቀለም በጣም ስለሚግል ፈካ ያለ ቀለም ቢሆን እመክራለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ወቅት የተሻለ ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይጀመር፤ ወደ ምዕራብ የሚመለከተው የቤትዎ ፊት እስከ ቀትር ጥላ ስለሚሆን ለሥራ ይመቻል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ መብራት የሚከተሉት ትንንሽ ነፍሳት እርጥቡ ላይ ይለጠፋሉ። ክረምት በወጣ ቁጥርም በሩን አጥበው ይመልከቱት፤ የቫርኒሹ ወዝ ሲደበዝዝ፣ ገና ሳይላጥ፣ አሽቶ አንድ እጅ መጨመር ከሙሉ ሥራ ያድናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በጎርጎራ ነው። የበሬ መቃን ምስጥ እንዳይበላው ጋራዥ የተጣለ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት። አሁን ቀለም ልቀባው ብል ይይዛል? በምትኩ የተልባ ዘይት ብቀባውስ?
አንባቢ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለቤት በር አይሆንም። አይደርቅም፤ ልብስና የልጆችን እጅ ያጨማልቃል፤ ውስጡ ያለው ቆሻሻም ለጤና ጎጂ ነው፤ ቀለምም በላዩ አይዝም። በቲነር ደጋግመው ጠርገው ገጹን በመላጊያ ያስቀንሱ፤ ከዚያ በአንድ መዳፍ ቦታ ላይ ፕራይመር ቀብተው ሳምንት ይጠብቁ። ዘይቱ ዘልቆ ከወጣ ያ መቃን እንዳለ ይቆይ፤ ቀለሙን ማባከን ይሆናል። ምስጥ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ዋናው መከላከያ የመቃኑ እግር አፈር ሳይነካ በሲሚንቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው።

የተልባ ዘይት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ከፀሐይም ብቻውን አይጠብቅም፤ ለውስጥ በር ይሻላል። እጅግ ስስ ተደርጎ ይቀባና ትርፉ ይጠረግ። የተጠረገበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ ላይ እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨበጠ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ራሱ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።