መልስ፦ እግሬን ወለም ብሎኛል፣ ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይ?

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ትናንት ማታ ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ስትወርድ ኮብልስቶኑ ላይ እግርህ ታጥፎ ቁርጭምጭሚትህ ካበጠ፣ ዛሬ ወጌሻ ጋ አትሂድ። ወጌሻን መናቄ አይደለም። ግን አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ መታሸቱ ያባብሰዋል። ወለምታ ብቻ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸት እብጠት ይጨምራል።

እስቲ 4 እርምጃ ተራመድ። ከዚያ ቁርጭምጭሚትህ ላይ በውጭም በውስጥም በኩል ጎላ ያሉትን አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው ጫን ጫን አድርጋቸው። መራመድ ካቃተህ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመህ ራጅ ተነሳ። እግሩ ከተጣመመ ወይም ጣትህ ከደነዘዘማ ነገ አትበል።

ካልሆነ ወለምታ ነው። ብዙውን ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጅማት ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ ሲብስም ይበጠሳል።

እኔ አምና ሲደርስብኝ ከኮንዶሚኒየሙ 4ኛ ፎቅ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ነበር የምወርደው፤ የጎረቤት ልጆች እስካሁን ይስቁብኛል። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አቀዝቅዤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ እይዝበት ነበር። ስተኛ እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አደርጋለሁ። ላስቲክ ፋሻም ከፋርማሲ ግዛ። ጣትህ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ግን ቶሎ አላላው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሳምንት ሙሉ መተኛት። ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ሕመሙ በፈቀደልህ መጠን አንቀሳቅሰው። በእግርህ አውራ ጣት አየር ላይ ሀ ሁ ሂ ጻፍ። መቆም ስትችል ጥርስህን እየቦረሽክ በዚያው እግር ብቻ ቁም። ይሄን የዘለለ ሰው እግሩ ደጋግሞ ወለም ሊለው ይችላል።