ሰማዩን በጆሮ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በባይኖኩላር የጁፒተርን ጨረቃዎች ሳይ ከረምኩ። አሁን ግን ክረምቱ ገባ፣ ደመናው አልገለጥ አለ፣ በዚያ ላይ የመንገዱ መብራት አለ። እስከ መስከረም እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ ኧረ አትቀመጥ ወንድሜ! ባይኖኩላሩን አስቀምጥ፣ ሰማዩን ግን አትተወው። ደመና የሚጋርደው ብርሃንን ነው፤ የአማተር ራዲዮ (ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው የሚነጋገሩበት ራዲዮ) ሞገድን፣ በተለይ 145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ አያግደውም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በአዲስ አበባ ሰማይ ያልፋል። ጠፈርተኞቹ ከተማሪዎች ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው በ145.800 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ሁልጊዜ አይናገሩም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙንና የሚያልፍበትን ሰዓት ቀድመህ እይ።

የቤት ኤፍኤም ራዲዮ 108 ላይ ስለሚያበቃ አይሆንህም፤ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የኤስዲአር ዶንግል፣ ማለትም ላፕቶፑን በፕሮግራም ራዲዮ የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ፣ ፈልግ። አንቴናውን ግን አደራ፣ ራስህ ሥራው። ሁለት የመዳብ ሽቦ 49፣ 49 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ። የሞገዱ ርዝመት ሩብ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሽቦው ከዚያ ትንሽ ማጠር አለበት። አንዱን ከዲሽ ገመዱ መሃል ሽቦ፣ ሌላውን ከውጪው መረብ ጋር በይድና በረንዳ ላይ አውጣው፣ ከብረትና ከቆርቆሮ አርቀህ። በረንዳህ ግማሹን ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው፤ ጣቢያው በዚያ በኩል የሚያልፍበትን ቀን ምረጥ። መብረቅ ካለ ገመዱን ንቀልና ተወው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ጣቢያው ወደ አንተ ሲመጣ ድምፁን የምታገኘው ከ145.800 በ3.5 ኪሎኸርዝ ገደማ ከፍ ብሎ ነው፣ በአጠገብህ ሲያልፍ ልኩ ላይ ይደርሳል፣ ሲርቅ ደግሞ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል፣ ይሄ ሁሉ በአስር ደቂቃ ውስጥ! ላፕቶፑ ላይ ሞገዱን የሚያሳየው መስመር ሲጣመም በዓይንህ ታየዋለህ። ዶፕለር የሚሉት ይሄ ነው፤ አስትሮኖመሮች ኮከብ ወደኛ ይምጣ ወይ ይራቅ የሚለዩትም በዚሁ ነው፣ እነሱ በብርሃኑ፣ አንተ በሽቦህ።

ማሰራጨት ካማረህ ግን ፈቃድና የጥሪ ምልክት (በራዲዮ የምትታወቅበት መለያ) ግድ ነው፣ ያለዚያ እንዳትሞክረው። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው። ካንተ ቤት በእግር ይደረሳል። ሄደህ ጠይቅ፣ አንቴናህንም ይዘህ ሂድ።