ጫፉን ታገኙታላችሁ፣ መመለሻውንስ?

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጆች ነን። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከድሬ ቁልቢ ገብርኤል በእግራችን ስለምንሄድ መንገድ አይከብደንም። ዘንድሮ በኅዳር ጋራ ሙለታ ጫፍ መውጣት አምሮናል፤ ግን ሰው በሚሄድበት መንገድ ሳይሆን ደኑን ሰንጥቀን። አንዱ ጓደኛችን «ስልክ ላይ ካርታ አለ፣ ሽቅብ ሽቅብ ማለት ነው፣ ምኑ ይጠፋል?» ይላል። እውነቱን ነው? ምንስ እንያዝ? ገጀራ ያስፈልጋል የሚልም አለ።

መልስ፦ ጓደኛችሁ ግማሹን አግኝቶታል። ሽቅብ እያሉ መጥፋት ከባድ ነው። ሰው የሚጠፋው ቁልቁል ሲመለስ ነው። ጃንጥላ ዘርጉና ሽቦዎቹን እዩአቸው። ከየትኛውም ጠርዝ ብትነሱ ሽቦው ጫፍ ያደርሳችኋል፤ ከጫፉ ስትነሱ ግን የትኛውን እንደያዛችሁ ካላወቃችሁ ሌላ ጠርዝ ላይ ነው የምትወርዱት። የተራራ ሸንተረርም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ ይገናኛል፣ ወደ ታች ይለያያል። አናቱ ላይ ጥቂት እርምጃ ወደ ግራ ብትስቱ ምንም አይመስላችሁም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን የማታውቁት ሸለቆ ውስጥ ናችሁ፣ መኪናው የቆመው በተራራው ማዶ ነው፣ ፀሐይዋም እየገባች ነው።

ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አምልጠው ከተያዙ በኋላ የታሰሩት እዚያው ጋራ ሙለታ፣ ተራራው ባለበት በግራዋ ነው፤ እስከሞቱበት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ከዚያ አልወጡም። ቦታውን የመረጡት ሰዎች መልክዓ ምድሩን ያውቁት ነበር ባይ ነኝ።

ስለዚህ ከመነሻችሁ ጀምሮ የምትሠሩት ሁሉ ለመመለሻው መሆን አለበት። ካርታውን ድሬ ላይ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት፣ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። ጂፒኤስ ግን ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባትሪው ይቆይላችኋል። ስትነሱ የሄዳችሁበትን መስመር እንዲመዘግብ አስጀምሩት። ሁለት ሸንተረር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ቁሙና ነጥብ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ ወደ ኋላ እዩ። ይቺን ሰው ይንቃታል። ደን ስትወጡበትና ስትወርዱበት ጭራሽ የተለያየ ቦታ ነው የሚመስለው፤ ወደ ኋላ እያያችሁ ካልወጣችሁ ስትመለሱ አንድም ዛፍ አታውቁም።

ስልክ ደግሞ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ተራ ኮምፓስም ያዙ። በእኛ አካባቢ የኮምፓሱ ሰሜንና የካርታው ሰሜን ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሒሳብ አያስፈልገውም። ጫፍ ላይ ሆናችሁ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት የመጣችሁበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉት። መውረድ ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች በየደቂቃው አረጋግጡ። ስህተት ካለ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፣ የሚታወቀው ግን ታች ከደረሱ በኋላ ነው።

ጫፉ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ዛፍ ባለበት አናት ላይ እይታ የለም፣ «ደረስን» ብላችሁ ስትቀመጡ ከፊታችሁ ሌላ ጉብታ ይኖራል። ጋራ ሙለታ 3,380 ሜትር ገደማ ነው፤ ስልካችሁ 3,360 ቢል ወይም 3,400 ቢል አትደንግጡ፣ አትጨቃጨቁም፤ የስልክ ከፍታ በአሥር ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል። መሬቱን እመኑ። በአራቱም አቅጣጫ ዞራችሁ ሁሉም ቁልቁለት ከሆነ፣ ያ ነው ጫፉ።

አሁን ሰዓት። ከቁልቢ መንገድ ጋር አታወዳድሩት። የቁልቢው መንገድ ሩቅ ቢሆንም መንገድ ነው። ጥሻ ውስጥ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ ቀጋና አጋም ሲገጥማችሁ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፣ ዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨልማል፣ ምሽታችን እንደምታውቁት አያመነታም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሱ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት ተመለሱ። ጫፉ ከፊታችሁ ቢታይም! ይህን ድሬ ላይ ተስማሙበት፤ እዚያ ላይ ሆኖ መስማማት አይቻልም፣ አንዱ «አቦ ትንሽ ናት የቀረችን» ማለቱ አይቀርም። ባትሪ መብራት ለእያንዳንዱ ሰው፣ የስልክ መብራት አይቆጠርም።

ለዚህ ሲባል ግራዋ አንድ ሌሊት ማደር አለባችሁ። ሌላም ምክንያት አለው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ስትወጡ ራስ ምታት ቢይዛችሁ አይገርምም። ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረበት ማስታገሻ ውጦ መቀጠል የለም፣ መውረድ ነው። ብርዱም አለ። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጫፉ ከድሬ በ13 ወይም 14 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ንፋሱ ሳይቆጠር። የከዚራን ቲሸርትና ቁምጣ እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ተዉት።

ልብስ ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ የገባ፤ ሳማ ማለት ምን እንደሆነ አንዴ የነካችሁ ታውቃላችሁ። የቆዳ ጓንት ቢኖራችሁ እሾህ ያለበትን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ታልፋላችሁ። መነጽር አድርጉ፣ ርካሽ የፀሐይ መነጽር ሳይሆን ነጭ መስታወት ያለው፤ ከፊት ያለው ሰው የለቀቀው ቅርንጫፍ ዓይን ያጠፋል። በመሃላችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ይኑር፣ ግን አትለያዩ። ፊሽካ ለሁሉም። ውሃ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር። ቴምር፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ይበቃል።

በየት በኩል እንውጣ ካላችሁ ሸንተረሩን ያዙ። ሸለቆው አጭር ይመስላል፣ ነገር ግን እርጥበት ስላለው ጥሻው የሚወፍረው እዚያ ነው። ከጠፋችሁ ደግሞ «ወንዝ ተከትለን እንውረድ» የሚለውን አትስሙት፤ የተራራ ውሃ ገደል አይፈራም፣ ውሃው ዘሎ ሲወርድ እናንተ እዚያው ጠርዝ ላይ ትቀራላችሁ። ወደ ኋላ ወጥታችሁ የመጨረሻዋን ነጥብ ፈልጉ። የከብት መንገድ ብታገኙ ተጠቀሙበት፣ ግን ብዙ አትመኑት። ላም ጫፍ ምን ትሠራለች?

ገጀራውን ግን እርሱት። ደኑ የተረፈን ጥቂት ነገር ነው። ጥዱም ሆነ ኮሶው ለእናንተ አንድ ቀን መንገድ ሲባል የሚቆረጥ አይደለም፣ ገጀራ ይዞ ጫካ የገባ የማይታወቅ ወጣት ደግሞ ለአካባቢው ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። ምልክት ማሰር ካስፈለጋችሁ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ፣ ስትመለሱ ፈታችሁ ውሰዱ። የጫት ማሳ መሃል አታቋርጡ፣ በዳር ዙሩ። ከሁሉ በፊት ግራዋ ስትደርሱ ቀበሌ ግቡና ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትሄዱ ተናገሩ፤ የአካባቢው ሁኔታ ለጉዞ ምቹ መሆኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ አይሆንም። ደኑን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደህና አድርጋችሁም ክፈሉት። «ታዲያ ምኑን መንገድ ሰነጠቅነው?» የምትሉ ከሆነ ካርታውን እናንተ ያዙ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ዝም ይበል፣ ስትሳሳቱ ብቻ ይናገር።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ሸዋ በር ነው የምጽፈው። ብቻዬን መሄድ እወዳለሁ። የቁንዱዶን ተራራ ለብቻዬ፣ ከመንገድ ወጥቼ ብሞክረውስ?

መልስ፦ ለብቻህ ከሆነ መንገዱን ያዝ። ከመንገድ መውጣት ካማረህ ሰው ያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ አልመክርህም፤ ጥሻ ውስጥ ቁርጭምጭሚት ቢዞርብህ የሚያልፍ ሰው የለም።

ቁንዱዶ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ አናቱ እንደ ጋራ ሙለታ ሳይሆን ሜዳ ነው፣ በባለቤት አልባ ፈረሶቹም ይታወቃል። ሜዳው ላይ ጫፍ መፈለግ አያስቸግርህም። የሚያስቸግርህ ጠርዙ ነው፣ ገደል ነው። ጉም ከመጣ ባለህበት ቁጭ በልና ጠብቅ። ሜዳ ላይ በጉም የሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ይዞራል። ፈረሶቹን ካገኘሃቸው ከሩቅ እያቸው፣ ለቪዲዮ ብለህ አታባርራቸው።

ጥያቄ፦ የከዚራ እናት ነኝ። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ሊሄድ ነው፣ ስልክ አይሠራም ብሎኛል። ስንት ሰዓት ሲሆን ልጨነቅ?

መልስ፦ መጨነቁ እንኳ ከጠዋት ይጀምርዎታል፣ እሱን መከልከል አልችልም። ልጅዎ ግን ሳይወጣ በወረቀት ጽፎ ይስጥዎት፤ ከየት በኩል እንደሚወጡ፣ ማን ማን እንዳለ፣ የሚመራቸው ልጅና የሾፌሩ ስልክ፣ የቀበሌው ሰው ስልክ። በየትኛው ሰዓት እንደሚደውልም ይጻፍ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ብሎ ከሆነ እስከ 3 ይጠብቁት፣ መዘግየት ያለ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ሾፌሩ ጋ፣ ከዚያ ቀበሌው ጋ ይደውሉ፣ «ምናልባት አሁን ይደውል ይሆናል» እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት አይቀመጡ። ወረቀቱን ሳይሰጥዎት ሊወጣ ቢል ደግሞ ጫማውን ይደብቁበት።