ስለ እህቴ ምን ብዬ ልጻፍ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ጥያቄዎች ሁሉም ስላረፈች እህት ናቸው። ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎችም ስለደረሱን እሱን ዘርዘር አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ካረፈች ሃያ ቀን ሆናት። በቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሌሊቱን በጥድፊያ የተጻፈ ስለነበር ከተወለደችበት፣ ከተማረችበትና ከሠራችበት በቀር ምንም የለበትም። እሷ ግን እሑድ በጠዋት ዘመድ ጓደኛውን ቀስቅሳ እንጦጦ የምታወጣ፣ ሁላችንንም ዋና ያስተማረች ሴት ነበረች። ለአርባዋ እንደገና ልጽፍ ተቀምጬ ቃል ጠፋኝ። (ወንድሟ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መጻፉን ለአንድ ሳምንት ይተዉትና ነገር ይሰብስቡ። ሰባት ስምንት ሰው ይበቃል፦ እናት ወይም አክስት፣ የልጅነት ጎረቤት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የማኅበር ወይም የዕቁብ ጓደኛ፣ አብሯት ተራራ የሚወጣ ሰው፣ ካሉ ደግሞ ልጆቿ። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ይስጡ፤ አስፈቅደው በስልክዎ ይቅዱት። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ አይበጅም። አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል፤ ዝምተኛው ደግሞ አፉን ሳይከፍት ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ነገር ያለው እሱ ጋ ነው።

«እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «ደግ፣ ሰው ወዳድ፣ ተጫዋች» ነው። ይህ በየድንኳኑ የሚነበብ ስለሆነ የማንንም ፊት አያመጣም። እንዲህ ይጠይቁ፦ መንገድ ስትወጣ ከቦርሳዋ ምን አይጠፋም? ማን ሲቀርባት ትቆጣ ነበር? ዳገት ላይ ሰው ሲለግም ምን ትላለች? ዋና ስታስተምር መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ከማን ምን ተውሳ ሳትመልስ ቀረች? የመጨረሻው ጥያቄ ሰውን ያስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ብዙ ያወራል።

የሚያገኙትን ልዩነት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። «ተፈጥሮን ትወድ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም ይሆናል። «እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስልካችን ከጮኸ እሷ ናት። በር ላይ ስንደርስ ሁለት ሊትር ውሃ፣ አንድ ፌስታል ቆሎና ለማንም የማይበቃ ጃንጥላ ይዛ ቆማ እናገኛታለን» የሚለው ግን ለእሷ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከበቂ በላይ ነው፤ አሥር ቢደረድሩ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ።

ርዝመቱ ቢበዛ 450 ቃል ይሁን። ሳይቸኩል የሚያነብ ሰው በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ቃል ስለሚያነብ አምስት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ከኋላ ወንበር ወሬ ይጀመራል። የትውልዱ፣ የትምህርቱና የሥራው ነገር በአንድ አንቀጽ ይለቅ፤ መሀሉን ለእሷ ይተዉ፤ መጨረሻው ላይ የተረፉት ቤተሰቦች ይጠሩ።

ጠብ የሚነሳው በዚህ የመጨረሻ ክፍል ነው። ስሙ የተዘለለ ዘመድ ቅያሜውን ለዓመታት ይይዘዋል። ስለዚህ ረቂቁን ከአባት ወገን አንድ፣ ከእናት ወገን አንድ ትልቅ ሰው ያንብቡት፤ የልጆች ቅደም ተከተል፣ ሁለተኛ ትዳር፣ የማደጎ ልጅ ካለ በተለይ ይታይ። ከሌላ ሰው ወረቀት የተገለበጠ አባባልም ይጠንቀቁ። «በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሕክምና ስትረዳ ቆይታ» የሚለው ውጭ ሄዳ ለማታውቅ ሴት ሲነበብ ሰምተናል። «እሷ» ብለው ከጀመሩ በ«እሷ» ይጨርሱ፤ የዕድር ሰው የሚያነበው ከሆነ «እሳቸው» ይሻላል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አድማጭ ስለሁለት ሰው የሚነገር ይመስለዋል። ልጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንኳን ውስጥ የሚሰሙት ነገር ደግሞ አይግባ፤ የበሽታው ዝርዝርም፣ የድሮ ቅራኔም።

እርስዎ ራስዎ ባያነቡት እንመክራለን። የወንድም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆረጣል። ድምፁ የሚሰማ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛዋ ታንብብ፤ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ከጎን የሚቆም ሰው ይያዝ። ፊደሉ ባለ 16 ነጥብ፣ በመስመሮቹ መሀል እጥፍ ክፍተት ይኑር፤ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ ወደ ሁለተኛው ገጽ አይሻገር።

ጥያቄ፦ እህቴ ያረፈችው እዚህ ሜሪላንድ ነው፣ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ። አዲስ አበባ ያሉት ቤተሰቦቻችን ግን «ሰኞ ነው ያረፈችው» ብለው ይቆጥራሉ። አርባዋንና ሙት ዓመቷን በየትኛው እናውጣ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። በእናንተ የብርድ ወራት አዲስ አበባ ከእናንተ በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእናንተ እሑድ ማታ 2 ሰዓት እነሱ ዘንድ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ባረፈችበት አገር ቀን ብትቆጥሩ ይሻላል፤ ዋናው ግን ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀን መስማማታቸው ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ ያረፈችበትን ዕለት አንድ ብሎ ይቆጥራል። በእኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለአርባ በቀጣዩ ወር በቀኑ ላይ 9፣ ለሰማንያ ከሁለት ወር በኋላ በቀኑ ላይ 19 ደምሩ። ጥር 5 ቀን ያረፈች አርባዋ የካቲት 14፣ ሰማንያዋ መጋቢት 24 ይሆናል። በመሀል ጳጉሜን ከገባች 5 ወይም 6 ቀን ቀንሱ። ሙት ዓመቱን በፈረንጅ ቀን ስልካችሁ ላይ ከመዘገባችሁ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ ጥር 5 ቀን 2018 ጃንዋሪ 13 ሲሆን፣ ጥር 5 ቀን 2020 ግን ጃንዋሪ 14 ላይ ይውላል፤ 2019 ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ነውና። ቀኑ በሰሙነ ሕማማት ከዋለ በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ አስቀድማችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። በጾም ከዋለ ዝክሩ የጾም ምግብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእህታችን ሙት ዓመት በጥር ነው። ከተዝካሩ ሌላ ጓደኞቿ በጣም ትወደው የነበረውን ወንጪን አብረን እንውጣላት ይላሉ። 40 ሰው እንሆናለን፤ እናታችን 70 ዓመታቸው ነው፣ ሕፃናትም አሉ። (ታናሿ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጥር ጥሩ ወር ነው፤ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጠዋትና ማታው ግን ይበርዳል። ፍትሐቱን በዕለቱ አድርሱ፣ ጉዞውን ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆዩት። በአንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ምሳና ተራራ ያጣደፈ ቤተሰብ እናቱን ነው የሚያደክመው።

ከአዳማ ወንጪ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አትሞክሩት፤ በአዲስ አበባና በወሊሶ በኩል መሄጃው ብቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ እደሩ። ማደሩ ለሌላም ይጠቅማል፤ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የወንጪ ሐይቅ ዳር 2,900 ይጠጋል፣ የገደሉ አናት ከ3,300 ያልፋል። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አይገርምም። ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ካሉ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ይደሩ።

ወንጪ ሰው የሚያታልለው ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ ነው። ሲወርዱ ሁሉም ይዘፍናል፤ ጉዱ መመለሻው ላይ ነው። ስለዚህ ምንም ቢጣፍጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ከሐይቁ ዳር ተነሱ። ሰዉን ስምንት ስምንት አድርጋችሁ በአምስት ቡድን ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ቡድን መንገድ የሚያውቅ ፊት መሪና ማንንም ጥሎ የማያልፍ ኋላ ዘጊ ይኑረው። ጎበዙን ሰው ኋላ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ይደረግና ደካሞቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ፣ ባርኔጣና ሹራብ ያዙ። ለመጓጓዣ አንድ ኮስተርና አንድ ሚኒባስ ይበቃችኋል።

እናታችሁ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው አስቀድሞ ሐኪማቸው ይጠየቅ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሐይቁ በሚታይበት አናት ላይ ወንበርና ጥላ አዘጋጅታችሁ፣ ሁለት ሰው አብሯቸው ይቆይ። በፈረስ ልውረድ ካሉ የደርሶ መልሱን ዋጋ ከመቀመጣቸው በፊት ተስማሙ፤ ከታች ሆኖ ስለመመለሻ መደራደር ከባድ ነው።

ጧፍ አብርተን እንቁም የሚል ሐሳብ ከተነሳ እዚያ ቦታ ላይ አይሁን። በጥር ሣሩ ደርቋል፣ ነፋስም አለ። ንባቡንም አናት ላይ አታድርጉት፤ ነፋሱ ድምፅ ይወስዳል፣ ሰዉም ትንፋሹ አልተመለሰም። ምሳ ላይ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው መርጦ አንዲት ነገሯን በደቂቃ ይናገር። አርባውም ልናገር ካለ ግን እዚያው ይመሽባችኋል።

መንገዱ በዛብን ካላችሁ ዝቋላ ይቀርባችኋል፤ 2,989 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። የቦታው ሥርዓት ግን ሌላ ነው። የተቀደሰ ስፍራ ስለሆነ ነጠላ ያስፈልጋል፣ ሙዚቃና ዋና አይታሰብም። እህታችሁ ጨዋታ ወዳድ ከነበረች ወንጪ ይሻላት ይመስለናል።

ጥያቄ፦ የእትዬ ድምፅ ቴሌግራም ላይ በቮይስ አለኝ፣ ፎቶዎቿም እዚያ ነው ያሉት። ስልኬ ቢጠፋስ? ትልቅ ፎቶም ልናሳትም ነበር፣ ደብዘዝ ይላል አሉን። (የ17 ዓመት ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ድምፁን ዛሬውኑ አውርጂው። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንት ራሱን ይሰርዛል፤ የእሷ ከተሰረዘ እሷ ዘንድ ብቻ የነበረው አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራምን ከፍተሽ ከእሷ ጋር ያደረግሽውን ጭውውት በሙሉ ድምፅና ፎቶውን ጨምሮ ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል። ከዚያ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ አንድ ደግሞ በኢሜይል ይቀመጥ። ፋይሎቹን በቀንና በጉዳይ ሰይሚያቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥር ብቻ ያለው ፋይል ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ፎቶው የደበዘዘው ሲላክ ስለተቀነሰ ነው። በቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ ለስልክ ይበቃል፣ ለግድግዳ ግን አይሆንም። ያነሳውን ሰው ፈልገሽ ዋናውን «እንደ ፋይል» ይላክልሽ። የወረቀት ፎቶ ብቻ ካለ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርጊ፤ እስከ ኤ4 ጥርት ብሎ ይታተማል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን እንዳትላጪ፣ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ከነመስታወቱ በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሪ፣ ትንሽ ዘመም አድርገሽ አንሺው።

ጥያቄ፦ በእህቴ ስም ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ዋንዛ ልተክል ነው። መቼ ይሻላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዋንዛውን ይተዉት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ችግኙን ያቃጥልብዎታል። ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ይምረጡ። ደብሩን አስፈቅደው፣ ግንባታ የማይደርስበትን ቦታ ያስመርጡ። ጉድጓዱን በግንቦት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱንም 50 አድርገው ያስቆፍሩ፤ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ ያስቀምጡ፣ ሲተክሉ ሥሩ ዘንድ የሚገባው እሱ ነው። ዝናቡ ከጠና በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ ይትከሉ። በመስከረም የተተከለ ሥር ሳይሰድ ፀሐይ ያገኘዋል።

ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀደው ያውጡ፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ሥሩ በፕላስቲክ ታፍኖ ነው። አንገቱ ከመሬት እኩል ይሁን፣ አይቀበር። አንድ ብቻ ተክለው ስሟን አይስጡት፤ ያ አንዱ ቢደርቅ እናትዎ ሌላ ኀዘን ይሆንባቸዋል። ሦስት ወይም አራት ችግኝ በአምስት አምስት ሜትር ርቀት ይትከሉ። ለፍየልና ለበግ በእሾህ ይጠር። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ በስም የሚታወቅ ሰው ይመደብ፤ «ሁላችንም እናጠጣለን» ከተባለ ማንም አያጠጣውም።