«ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ከተባልኩ ታዲያ ምን ያደክመኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በዚህ እትም ስለ ፒቱታሪ ዕጢና ስለሚያዛቸው ሆርሞኖች ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ራሴን ስቼ ነበር፤ ደምም ተሰጥቶኛል። ጡቴ ግን ወተት አልያዘም፣ ወር አበባዬም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይደክመኛል፣ ብርድ አልችልም፣ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል። ተመርምሬ «ቲኤስኤች 2.1 ነው፣ ታይሮይድሽ ኖርማል ነው» ተባልኩ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ሳይመጣ የቀረው ወተት ነው። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ባለች የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ዕጢ ነው፤ መጠኑ አተር ያህላል፣ ክብደቱም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። በእርግዝና ጊዜ፣ ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያዘውን ፕሮላክቲን የሚያመርቱት ሴሎቹ ስለሚበዙ ዕጢው ያድጋል። የሚደርሰው ደም ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በወሊድ ወቅት ብዙ ደም ፈሶ የደም ግፊት ሲወርድ የዕጢው ከፊሉ፣ አንዳንዴም አብዛኛው፣ ደም አጥሮት ይሞታል። ጉዳቱ ሺሃን ሲንድረም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከሃሮልድ ሺሃን ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው ምልክቶች ከዚህ ጋር ይገጥማሉ። የብብትና የብልት ፀጉርዎ ሳስቶ ከሆነ ያንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አሁን ወደ ቲኤስኤች እንመለስ። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም፤ ፒቱታሪ ለታይሮይድ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ጤነኛ ፒቱታሪ ትእዛዙን ያበዛል፣ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም ችግሩን ከዚያ ያውቃል። አዛዡ ራሱ ሲታመም ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ቲኤስኤች ዝቅ ሊል፣ «ኖርማል» በሚባለው መሃል ሊቆም፣ ጥቂት ከፍ ሊልም ይችላል፤ ላቦራቶሪው የሚለካው የሆርሞኑን ብዛት ነው፣ የሚመረተው ግን ጉልበት የሌለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቲኤስኤች ለብቻው አይነበብም፤ ፍሪ ቲ 4፣ ማለትም ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን፣ አብሮት መታዘዝ አለበት። ፍሪ ቲ 4 ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች እንደሚጠበቀው ካልወጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፒቱታሪ ነው። ቲኤስኤች ብቻውን የጤነኛ ታይሮይድ ማረጋገጫ ተደርጎ ሲወሰድ የምናዝነው ለዚህ ነው፤ ብዙ እናቶች መልሱን ሳያገኙ ዓመታት የሚያልፋቸው በዚህ ስህተት ነው።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ምርመራዎች እነዚህ ናቸው፦ ፍሪ ቲ 4 ከቲኤስኤች ጋር፣ ፕሮላክቲን፣ ፒቱታሪ ለእንቁላል ማምረቻዎች የሚልካቸው ትእዛዞች ኤፍኤስኤችና ኤልኤች፣ የሴት ሆርሞን የሆነው ኢስትራዲዮል፣ የደም ሶዲየም፣ እንዲሁም ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ የተቀዳ ኮርቲሶል፣ ማለትም ሰውነት ሕመምንና ጫናን የሚቋቋምበት ሆርሞን። ሰዓቱ ይጠበቅ፤ ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ስለሚወርድ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ያሳስታል። የጠዋቱ ውጤት ከ3 ማይክሮ ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ እጥረቱ ግልጽ ነው፤ ከ15 በላይ ከሆነ እጥረት የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው፤ በመሃል ከሆነ በመርፌ የሚደረግ የማነቃቂያ ምርመራ ያስፈልጋል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፣ የኮርቲሶሉን ቁጥር ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋልና። የፒቱታሪ ኤምአርአይ ደግሞ በቆየ ጉዳት ላይ ብዙ ጊዜ ጎድጓዳዋን ባዶ አድርጎ ያሳያል።

ሕክምናው የጎደለውን መተካት ነው፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ የሕይወት ጉዳይ ነው። ኮርቲሶል ከጎደለ መጀመሪያ እሱን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጣል፤ ለአዋቂ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ፣ ትልቁ መጠን ከእንቅልፍ እንደተነሱ። የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የታይሮይድ ሆርሞኑ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ፈጥኖ ያስጨርሳትና ታማሚዋ ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። በኋላም የሌቮታይሮክሲን መጠን የሚስተካከለው በፍሪ ቲ 4 ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር ቲኤስኤች እጅግ ይወርዳል፤ ያንን አይቶ «በዝቶብሻል» ብሎ መጠኑን መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው።

ሃይድሮኮርቲዞን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያደርጋል። ካስመለሰውና ክኒኑ ካልቆየለት 100 ሚሊ ግራም በመርፌ ያስፈልገዋል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ሳላረግዝና ሳላጠባ ከጡቴ ወተት ይወጣል። ፕሮላክቲኔ 62 ነው ተባልኩ። በአንጎሌ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ይሆን?

መልስ፦ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ዕጢ በቅሏል ማለት አይቻልም። ሌሎቹን የፒቱታሪ ሆርሞኖች አንጎል ውጡ እያለ ያዛቸዋል፤ ፕሮላክቲንን ግን ዶፓሚን በሚባል ንጥረ ነገር አፍኖ ይይዘዋል። ዶፓሚንን የሚከለክል መድኃኒት ሁሉ ፕሮላክቲንን ይለቀዋል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን ግን በራስዎ አያቁሙ። ቀጥሎ የእርግዝና ምርመራ፣ ቲኤስኤችና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ፤ ፕሮላክቲኑም ተረጋግተው ከቆዩ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ደም ሲቀዳ የሚመጣው ድንጋጤ ራሱ ከፍ ያደርገዋልና። በናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ከ200 በላይ ሲሆን በፒቱታሪ ላይ የበቀለ ፕሮላክቲን የሚያመርት ዕጢ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ ለ62 ግን መጀመሪያ የሚጣሩት ከላይ ያልናቸው ናቸው።

ዕጢ ሆኖ ቢገኝም አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ ቀዶ ሕክምናም የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። ካበርጎሊን በሳምንት ሁለት ጊዜ 0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ሆርሞኑን ያወርዳል፣ ዕጢውንም ያሟሽሸዋል። ማቅለሽለሽና ማዞር እንዳያስቸግር ማታ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ከ10 ሚሊ ሜትር የሚተልቅ ዕጢ ከበላዩ የሚያልፉትን የዓይን ነርቮች ሊጫን ይችላል። አንድ ዓይንዎን ሸፍነው ፊት ለፊት እያዩ ጣትዎን ከጆሮዎ በኩል ቀስ ብለው ወደ መሃል ያምጡ፤ ሌላውንም ዓይን እንዲሁ። በውጪ በኩል ጣቱ ዘግይቶ የሚታይዎት ከሆነ በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም የእይታ ስፋትዎን ይለካ።

ጥያቄ፦ ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን 20 ሚሊ ግራም ለአራት ወር ወስጄ ስለተሻለኝ ካቆምኩ አምስት ቀኔ ነው። ያቅለሸልሸኛል፣ ቆሜ መሄድ አቅቶኛል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ፕሬድኒሶሎን በድንገት እንዳቆሙ መጀመሪያ ይናገሩ። እንደ ኮርቲሶል የሚሠራው ይህ ክኒን ከውጭ ሲገባ ፒቱታሪ «በቂ ነው» ብሎ ኤሲቲኤች የተባለውን ትእዛዙን ያቆማል፣ ኮርቲሶልን የሚያመርቱት ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ። ክኒኑን ሲተዉ ሁለቱም ወዲያው አይነቁም፤ ወራት ሊወስድባቸው ይችላል። ከተረጋጉ በኋላ መቀነሱ በሐኪም ይመራል፦ ከ20 እስከ 10 ሚሊ ግራም ባለው ውስጥ ከ1 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም፣ ከ10 በታች ሲደርስ ደግሞ 1 ሚሊ ግራም፣ በየአንድ እስከ አራት ሳምንት። 5 ሚሊ ግራም ላይ ሲደርሱ፣ የዕለቱን ክኒን ከመዋጥዎ በፊት የጠዋት ኮርቲሶል ይለካልዎታል።