መቀበል ያቆመው ሲሪያል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ፒክ 16ኤፍ877ኤ የሚባለውን ማይክሮኮንትሮለር ቺፕ ከጂፒኤስ ሞጁል ጋር በሲሪያል አገናኝቼ ያለሁበትን ቦታ ኤልሲዲ ላይ አሳያለሁ። ሲበራ አሪፍ ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ቁጥሩ ባለበት ድርቅ ይላል። ፒኩን ብቻ ሪሴት ሳደርገው እንደገና ይነሳል። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ እንዳትገዛ ወንድሜ! ፒኩን ሪሴት ስታደርገው ከተነሳ ሞጁሉ መላኩን አላቆመም ማለት ነው፤ መቀበል ያቆመው ቺፑ ነው።

የዚህ ቺፕ መቀበያ የሚይዘው ሁለት ባይት ብቻ ነው። እነሱን ሳታነሳለት ሦስተኛው ገብቶ ካለቀ ኦኤርር የሚባለው ቢት፣ አርሲስታ በሚባለው የመቀበያው ሁኔታ ሬጅስተር ላይ ቢት 1፣ 1 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አይቀበልም፤ የተቀበለው ባይት የሚነበብበትን አርሲሬግን ደጋግመህ ብታነበውም አይለቅህም። መፍትሔው መቀበሉን የሚያበራና የሚያጠፋውን ሲሬንን፣ ማለትም የአርሲስታን ቢት 4፣ 0 አድርጎ መልሶ 1 ማድረግ ነው።

ግን እዚህ ላይ እንዳታቆም። ብዙ ሰው ይቺን ሁለት መስመር ሉፑ ውስጥ ይወትፍና «ሠራልኝ» ብሎ ይሄዳል። ቺፑ መቀበሉን ቀጠለ እንጂ የጠፋው ባይት አልተመለሰም፤ መሃሉ የጎደለ ቁጥር ትክክለኛ መስሎ ስክሪኑ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ከመድረቁ ይብሳል። ስለዚህ ስህተት ባየህ ቁጥር የያዝከውን መስመር በሙሉ ጣለውና የሚቀጥለውን የዶላር ምልክት ጠብቅ፤ የሞጁሉ መስመር የሚጀምረው በእሱ ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ከኮከቧ (*) በኋላ የሚመጣውን ቼክሰም፣ ማለትም የማረጋገጫ ቁጥር፣ ሳታረጋግጥም ምንም አታሳይ።

ባይቱ ለምን ጠፋ? በ9600 ባውድ አንድ ባይት ከስታርትና ከስቶፕ ቢቱ ጋር 10 ቢት ነው፣ በየ1.04 ሚሊሰከንዱ አንድ ይመጣብሃል። ኤልሲዲውን ማጽዳት ብቻውን 1.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጽሑፉንና ለጥንቃቄ ያስገባሃቸውን ዲሌዎች ስትጨምርበት ሦስት ባይት ማምለጡ አይቀርም። መቀበሉን ለኢንተራፕት ስጠው፣ ባይት ሲመጣ ዋናውን ሥራ አቋርጦ ለሚሮጠው ኮድ ማለት ነው። ባይቷን ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ አስገብቶ ቶሎ ይውጣ፣ ሌላ ሥራ አይሥራ።

ሌላው የስህተት ምልክት ኤፍኤርር ነው፣ የአርሲስታ ቢት 2። ስቶፕ ቢቱ በቦታው ሳይገኝ ሲቀር 1 ይሆናል። ይሄኛው የእያንዳንዱ ባይት የራሱ ስለሆነ አርሲሬግን ስታነብ አብሮ ይቀየራል። መጀመሪያ አርሲስታን አንብበህ ያዝ፣ ከዚያ አርሲሬግን። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው የምታየው የሌላ ባይት ስህተት ነው።

ለሁለቱም ቆጣሪ አድርግላቸውና ኤልሲዲው ጥግ ላይ አውጣቸው። ኦኤርር እየጨመረ ከሄደ ኮድህ እየዘገየ ነው። ኤፍኤርር ከሆነ ግን ኮዱን ተወውና የግራውንድ ሽቦህንና የባውድ ሬት ስሌትህን እይ። በ4 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ቢአርጂኤች (የባውድ ፍጥነት መምረጫው ቢት) 0 ሆኖ ለ9600 የምታገኘው ቅርብ ቁጥር 8929 ነው፣ 7 በመቶ ይስታል፣ ይሄ ደግሞ አያስኬድም። ቢአርጂኤችን 1፣ የባውድ ሬቱን የሚወስነውን ሬጅስተር ኤስፒቢአርጂን 25 አድርገው፤ ስህተቱ ወደ 0.16 በመቶ ይወርድልሃል።