ከ120 ጽሑፎች የትኛውን ልክፈት?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ላይ ነው። በአማካሪነት የተጠቆሙልኝ የውጭ አገር ተመራማሪ 120 ጽሑፎች አሳትመዋል፣ ኤች ኢንዴክሳቸውም 31 ነው። ይህ ብዙ ነው? ዝርዝሩንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከ31ዱ አይጀምሩ። ኤች ኢንዴክስ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መለኪያ ነው። 31 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 31 ጊዜ የተጠቀሱ 31 ጽሑፎች አሏቸው ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይናገርም። ጥናቱን ከጥያቄው እስከ ናሙናው የመራውም፣ ከ40 ጸሐፊዎች መካከል 23ኛ ሆኖ የተሰለፈውም እኩል ይቆጠርላቸዋል።

የሕክምና ጽሑፎች የሚፈለጉበትን ድረ ገጽ፣ ፓብሜድን፣ ይክፈቱ። በቅድሚያ ሙሉ ዝርዝሩ ውስጥ ከኅትመት የተሰረዘ ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ ምልክቱ ከጽሑፉ አናት ላይ ይታያል። ካለ ምክንያቱን ያንብቡ፤ ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ ያሳወቀ ተመራማሪና ምስል ሲደጋግም የተያዘ አንድ አይደሉም። ቀጥሎ ያለፉትን 5 ዓመታት ብቻ ይያዙ፤ አጫጭር አስተያየቶችን፣ የአንድ ታማሚ ሪፖርቶችንና የሌሎችን ሥራ የሚያጠቃልሉ ሪቪዎችን ይተዉ። ከቀሩት ስማቸው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ያለባቸውን ይለዩ፤ በሕክምና ጽሑፎች መጀመሪያ የሚቀመጠው አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ መጨረሻ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ቡድኑን የመራው ነው። 120ው ወደ 12 ቢወርድ አይደንግጡ።

ከእነዚህ 3 መርጠው፣ አብስትራክቱን ማለትም መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ዘለው፣ አዲስ የምርመራ መሣሪያ የተፈተሸበት ጥናት እንዴት እንደተሠራ ወደሚያስረዳው ክፍል ይግቡ። የተመረመሩት እነማን ናቸው? በአንድ ወገን ካንሰራቸው የገፋ ታማሚዎች፣ በሌላው ወገን ጤነኛ የነርሲንግ ተማሪዎች ከተሰበሰቡ ማንኛውም መሣሪያ ጎበዝ ይመስላል፤ መካከል ላይ ያሉት አስቸጋሪዎቹ የሉበትማ። ውጤቱን የሚያረጋግጠው ባዮፕሲስ ማለትም ለምርመራ የሚቆረጠው ሥጋ ከማን ተወሰደ? አዲሱ ምርመራ «አለባት» ካላቸው ብቻ ከሆነ ያመለጡት አይቆጠሩም፣ ሴንሲቲቪቲው ማለትም ታማሚዋን የማግኘት ዐቅሙ ይጋነናል። ጤነኛ ከምትመስል ሴት ሥጋ መውሰድ ከባድ ስለሆነ ይህ ጉድለት ተደጋግሞ ያጋጥማል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ግን «የለባትም» ከተባሉትም የተወሰኑትን በዕጣ ያስመረምራል፣ ሒሳቡንም በዚያው ያስተካክላል። ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ስላይዱን ሲያይ የአዲሱን ምርመራ ውጤት ያውቅ ነበር? «አለባት» የሚባልበት ወሰን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው ወይስ ውጤቱ ከታየ በኋላ? ስታርድ የሚባለው የምርመራ ጥናቶች አዘጋገብ መመሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታደስ እንዲህ ያሉ 30 ነጥቦች ይዟል፤ በወረቀት አትመው አጠገብዎ ያኑሩት።

አሁን ለእርስዎ አካባቢ ዋናው ነገር ይመጣል። ሴንሲቲቪቲው 90 በመቶ፣ ጤነኛዋን «ጤነኛ ነሽ» የማለት ዐቅሙ ማለትም ስፔሲፊሲቲውም 90 በመቶ የሆነ ምርመራ እንውሰድ። በሪፈራል ሆስፒታል ከመጡ 1000 ሴቶች 300ዎቹ ታማሚ ቢሆኑ፣ መሣሪያው 270ውን ያገኛል፣ 70 ጤነኞችን ደግሞ በስሕተት ይጠረጥራል። «አለባት» ከተባሉት 340 ውስጥ ከ100 79ኙ በእርግጥ ታማሚ ናቸው። ያንኑ መሣሪያ ደቅ ደሴት ወስደው ከ1000 ሴቶች 10 ብቻ ታማሚ ቢሆኑስ? 9ኙን ያገኛል፣ አንዷ ታመልጠዋለች፣ 99 ጤነኞች ግን ይጠረጠራሉ። ከ108ቱ ታማሚዎቹ 9 ብቻ ናቸው፣ ከ100 ወደ 8 ማለት ነው። የቀሩት 99 ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ የጀልባ ከፍለው፣ ሲጨነቁ ሰንብተው ለማጣሪያ ባሕር ዳር ይመጣሉ። ይህን ልዩነት በጽሑፉ ውስጥ ሳይደብቅ የጻፈ ሰው ለአማካሪነት ይመረጣል፤ እኛ ኤች ኢንዴክሱ 9 ቢሆንም እንመርጠዋለን። ባነበቧቸው በ3ቱ ጽሑፎች ላይ ያልገባዎትን ጽፈው ይላኩላቸው፤ አመላለሳቸው ራሱ ብዙ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ሹም አቦ አካባቢ። ያሳተምኳቸው 4 ጽሑፎች በ3 የተለያዩ ስሞች ተበታትነው ይታያሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ከስማችን አሰያየም ይመጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የመረጃ ቋቶቹ ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። አንዱ ጆርናል ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ከጨረሱ ሁለት ሰው ሆኑ። አባትዎ ገብረ ማርያም ከሆኑና ለያይተው ከጻፉት ደግሞ «ማርያም» ብቻ ይቀራል። በላቲን ፊደል «ጸ»ን አንዱ በሁለት፣ ሌላው በሦስት ፊደል መጻፉም ይጨመርበታል።

ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ፣ ጥምር ስሞችን ገጥመው ይጻፉ፣ በአባት ወይም በአያት ስም መጨረስዎን አንዴ ወስነው አይለውጡ። ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በሚሰጠው ኦርኪድ ላይ በነጻ ይመዝገቡና የሚሰጥዎትን ባለ16 አሃዝ መለያ ጽሑፍ በላኩ ቁጥር ያስገቡ። የድሮዎቹን አጻጻፎች እዚያው በተለዋጭ ስምነት ይመዝግቡ። ስኮፐስ በሚባለው የጽሑፎች መረጃ ቋት ላይ የተከፈሉ የጸሐፊ ገጾች እንዲዋሐዱ ማመልከት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። የጉግል የጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ግን በስምዎ ገጽ ጽሑፎችን በራሱ እንዲጨምር አይፍቀዱለት፤ የሞክሼዎን ሥራ ያሸክምዎታል፣ ተወቃሹም እርስዎ ይሆናሉ።

የላይኛው ጠያቂያችንም አገር ውስጥ ያለ ተባባሪ አማካሪ ሲፈልጉ በአንድ አጻጻፍ ፈልገው «2 ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው» ብለው እንዳይደመድሙ። በአባቱም በአያቱም ስም፣ ተገጥሞም ተለያይቶም ይፈልጉት።